የሐረጎ ዳገትና የቤንዚን ቆሻሻ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ደሴ ሐረጎን ሲወጣ ሞተር ሳይክሉ ያነከሰበት ሰው መጀመሪያ የሚያማው ቤንዚኑን ነው። ሐሜቱ አንዳንዴ ልክ ነው፤ አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የዳገቱ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚን መስጠቱን በዚያው ልክ አይቀንስም። ቤንዚን ይበዛል፣ ጉልበት ይደክማል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል።

ቆሻሻ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሞተሩን ያስርበዋል። ቾክ ሳብ ሲደረግ ከተሻለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የቤንዚኑ መንገድ ተዘግቷል። ከባሰበት ወይ ከፍታው ነው ወይ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል። ካርቡሬተር ከማስፈታት በፊት ይህችን መሞከር ገንዘብ ያድናል።

ሚኒሞ የሚይዘው የናስ ጄት ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንዲት የዝገት ቅንጣት ትበቃዋለች፤ ያኔ ሞተሩ እየሄደ ደህና ነው፣ ሲቆም ይጠፋል። ጄቱን በሽቦ መጎርጎር የተለመደ ነው፤ ናስ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ቤንዚን ይበላል። በኮምፕረሰር አየር መንፋት ይሻላል።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድና በጀሪካን የሚቸረቸረው ነው። በነጠላ ማጥለል መፍትሔ ይመስላል፤ ጥጡ ግን ራሱ ክር ይለቃል። ደቃቅ የሽቦ ወንፊት ይመረጣል። ሁለተኛው ምንጭ ታንኩ ነው። በደሴ ብርድ ግማሽ ጎዶሎ ሆኖ ያደረ ታንክ ውስጡ ያልባል፤ ውሃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይዘቅጥና ዝገት ያበቅላል። ሞልቶ ማሳደር ይህን ይቀንሳል።

በቤንዚን ቱቦው መሐል ፊልትሮ ማስገባት ጥሩ ነው፤ በላዩ ያለው ቀስት ወደ ካርቡሬተሩ ይዙር። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ግን ፓምፕ የላቸውም፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ለፓምፕ የተሠራ ጥቅጥቅ ያለ ፊልትሮ ከተገጠመላቸው ያለ ቆሻሻም ይራባሉ።

ጥርጣሬ ካለ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከእሳት ርቆ፣ የታንኩ መክፈቻ ይዘጋና ከካርቡሬተሩ ሆድ ሥር ያለችው ብሎን ላላ ትደረግ። የወረደውን በብርጭቆ ይቀበሉት። ውሃ ካለ ታች እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይታያል፣ ዝገቱም እንደ በርበሬ ደቃቅ ይቀመጣል። ቆሻሻው ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ከመጣ ካርቡሬተሩን ደጋግሞ ማጠብ ትርፉ ድካም ነው፤ መውረድና መጽዳት ያለበት ታንኩ ነው።