የረመዳን ጾምና የዓይን ሌዘር ቀጠሮ



ረመዳን በገባ ቁጥር ለእኛ ለኢማሞች ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የጤና ናቸው። መርፌ ጾም ያፈርሳል ወይ? የደም ምርመራስ? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ መጥቷል፦ «ስኳር አለብኝ፤ ዓይኔን በሌዘር እንድታከም ተቀጥሬ ቀኑ ረመዳን ላይ ዋለ፤ ከዒድ በኋላ ቢሆንስ?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። «ይቆይ» ብንለው ደስ ይለዋል። እኛ ግን «ይቆይ» አንልም፤ ምክንያቱን እንንገራችሁ።

በዓይናችን ውስጠኛ ጀርባ ላይ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል መልእክት የሚልከው እሱ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ይህን ሽፋን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ አንዳንዶቹ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፣ ሌሎቹ ይዘጋሉ። ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል ኦክስጅን ሲያጥረው አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ሥሮቹ ይበቅላሉ፤ ነገር ግን ደካሞች ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ። ደሙ በዓይን ውስጥ ሲፈስ ትናንት ደህና ያይ የነበረ ሰው ዛሬ ጥቁር መጋረጃ የወረደበት ያህል ሊሰማው ይችላል። ሲቆይም ጠባሳው ሬቲናውን ከቦታው ጎትቶ ሊያላቅቀው ይችላል።

ክፉው ነገር ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለውም። ዓይን አይቀላም፣ አያቃጥልም። ሰውየው ሙስሃፉን ገልጦ ያነባል፤ ሰው ከሩቅ ይለያል። «ደህና አያለሁ እኮ» ሲል እውነቱን ነው። ሐኪሙ ግን ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ወደ ውስጥ ሲመለከት አዲሶቹን ሥሮች አይቷል። የሌዘር ቀጠሮ የተሰጠው ገና ስለሚያይ ነው።

የሕክምናው ታሪክ ራሱ ከፀሐይ ብርሃን ይነሳል። ጌርድ ማየር ሽቪከራት የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1945 የፀሐይ ግርዶሽ በባዶ ዓይን በመመልከት ሬቲናው ላይ የደረሰን ቃጠሎ አጥንቶ፣ «ብርሃን ጠባሳ ማበጀት ከቻለ ለምን ለሕክምና አንጠቀምበትም?» የሚል ሐሳብ መጣለት። (እኛ በግርዶሽ ጊዜ የታዘዝነው ሰላተል ኩሱፍ እንድንሰግድ እንጂ ፀሐይዋ ላይ እንድናፈጥ አይደለም።) መጀመሪያ የፀሐይን ብርሃን በመስታወት እየሳበ፣ በኋላም በኃይለኛ መብራት ሞከረ። ሌዘር ሲገኝ ሥራው ይበልጥ ረቀቀ። ቀጥሎም በአሜሪካ ከ1,700 በላይ ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ተካሄደ፤ የእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓይን ታክሞ ሌላው ሳይታከም ክትትል ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1976 ይፋ በሆነው ውጤት በታከሙት ዓይኖች ላይ ከባድ የእይታ ማጣት በግማሽና ከዚያም በላይ ቀንሶ ተገኘ።

ሌዘሩ የሚመታው የሬቲናውን ዳርቻ ነው። ለንባብ የምንጠቀምበት መሃሉ ይተዋል። በዳርቻው ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሺህ በላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይተኮሳሉ፤ ሥራው ለተለያዩ ቀናት ሊከፋፈልም ይችላል። የተተኮሰው ክፍል ኦክስጅን መጠየቁን ሲቀንስ፣ አዲሶቹን ሥሮች የሚጠራው ንጥረ ነገርም ይቀንሳል፤ ሥሮቹም ይከስማሉ። ዋጋ አለው፤ አንዳንድ ሰው በጨለማ ወይም በጎን በኩል የማየት አቅሙ ይቀንስበታል። የሬቲናው መሃል ካበጠ ደግሞ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይመረጣል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

እዚህ ላይ በጀመዓችን ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚያደርስ ወሬ አለ። «እገሌ ሌዘር ተደርጎለት ጭራሽ ባሰበት» ይባላል። አንዳንዴ ከሕክምናው በኋላ እይታ ለጊዜው መደብዘዙ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ከሚባልላቸው ብዙዎቹ የሄዱት ዓይናቸው ደም ከሞላ፣ ብርሃናቸው ከራቀ በኋላ ነው። ሌዘር የሄደውን አይመልስም፤ ያለው እንዳይሄድ ነው የሚከላከለው። ዘግይቶ የሄደ ሰው ያላገኘውን ነገር ሕክምናው ከመጀመሪያውም ቃል አልገባለትም። የሱ ታሪክ ግን ከመስጂድ በር እየተነሳ፣ ገና ደህና የሚያዩትን አባትና እናት ቤታቸው ያስቀምጣቸዋል።

ሌላው ሰበብ ከሃይማኖት የሚመዘዝ ነው። ሁለት ዓይኑን አጥቶ የታገሰ ሰው ጀነት እንደሚመነዳ በቡኻሪ የተዘገበ ሐዲስ አለ፤ ሐቅ ነው። ትዕግሥቱ ግን ለደረሰ መከራ እንጂ መድኃኒቱን ትቶ መከራውን ለመጥራት አይደለም። መታከምን ያዘዙትም እኚሁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ዓይነ ስውርነት በእስልምና ክብርን የሚነካ ነገር አለመሆኑንም እናውቃለን። በረመዳን ሱሁር የሚቆምበትን የፈጅር አዛን ያሰሙ የነበሩት ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ሰዎች «ነግቷል» ሲሏቸው ነበር የሚያዝኑት። ይህ ለታመመው መጽናኛ ነው፤ ለመዘግየት ግን ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ጾሙ እንመለስ። በዓረብኛ የዓይን ሐኪም በጥንት ጊዜ «ከሓል» ይባል ነበር፤ ኩሕል ከመኳል የመጣ ስም ነው። ስለዚህ ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ጾምን ያፈርስ እንደሆነ ፉቀሃዎች የተነጋገሩት ከጥንት ጀምሮ ነው። በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀብ ዓይን ወደ ሆድ የሚወስድ ክፍት መንገድ ተደርጎ ስለማይታይ ኩሕል አያፈርስም። ማሊኪዮች ጉሮሮ ከደረሰ ያፈርሳል ይላሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ የዓይን ጠብታ፣ ምግብ ያልሆነ መርፌና ለምርመራ የሚወሰድ ደም ጾምን እንደማያፈርሱ ወስኗል፤ ጠብታን በተመለከተ ወደ ጉሮሮ የወረደውን ላለመዋጥ መጠንቀቅ ያሻል ብሏል። ሌዘሩ ራሱ ብርሃን ነው። ልቡ ያልረጋለት ሰው ያን ቀን በሌላ ቀን ቀዳእ ያውጣ፤ ቀጠሮውን ግን አይለፈው።

ስኳር ያለበት ሰው ይጹም አይጹም የሚለው የተለየ ጥያቄ ነው። በሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አንቀጽ ላይ የታመመ ሰው በሌሎች ቀናት እንዲጾም ተፈቅዶለታል። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ዓይኑ ወይም ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መጾም የለበትም። እየጾመም ቢሆን ጣቱን ወግቶ ይለካ፤ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካገኘው ወዲያው ያፍጥር። ሕመሙ ጾምን ጨርሶ የከለከለው ሰው ለእያንዳንዱ ቀን ሚስኪን ያበላል። ልጆችም «አባባ ዘንድሮ አልጾመም» ብሎ ማፈርን ትተው፣ ለኢፍጣር የሚቀርበውን ሙሸበክና ስኳር የበዛበት ጁስ ቢቀንሱ ይሻላል።

ዘካ የምታወጡ ወገኖች አንድ ነገር ልብ በሉልን። ከገጠር ሪፈር ተጽፎለት ወደ ትልቅ ከተማ ለሚመጣ ድሃ ከሕክምናው ይልቅ መሳፈሪያውና ማደሪያው ሊከብደው ይችላል። ድሃ ዘካ ይገባዋል፤ የዘካው ገንዘብም ሐኪም ቤት ደጃፍ ሊያደርሰው ይችላል።

የቀጠሮው ቀን የስኳር መከታተያ ካርዳችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ያዙ። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ መኪና አትንዱ፤ የሚደግፋችሁ ሰው ይኑር፤ የፀሐይ መነጽርም ያስፈልጋል። ዓይኑ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪሙ «ጭንቅላትህን አትድፋ» ካለው፣ ሱጁዱን በምልክት ያደርጋል። የዓይን ሕመምተኛ ሐኪም ሲያዘው በጀርባው ተኝቶ መስገድ ይችል እንደሆነ ቀደምት ዑለማዎች ተከራክረውበታል፤ ከፊሎቹ ከልክለዋል፣ ብዙዎቹ ግን ፈቅደዋል። ተራዊህንም በወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ይቻላል፤ ወንበር ከሌለ ለመስጂዱ ኮሚቴ ንገሩ።