የ15 በመቶው ቅድሚያ ለካምባ ገበሬ ምን ያደርግለታል?

የዛሬው ዋጋ ጠዋት ተለጥፏል፤ ወደ ላይ መለስ ብላችሁ እዩት። አሁን የማነሣው ዋጋ ሳይሆን ዋጋን የሚነካ ጉዳይ ነው፤ የመንግሥት ግዥ።

ሰሞኑን ከዩኒየን ሰዎችም ከነጋዴዎችም አንድ ጥያቄ ይመጣልኛል። «ሕጉ ለአገር ውስጥ ምርት ቅድሚያ ይሰጣል ይባላል። ታዲያ የካምባ በቆሎና ጤፍ አርባ ምንጭ ያሉት ትልልቅ ገዢዎች ጋ በጨረታ ለምን አይገባም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከቅድሚያው ውጭ ነው ያለው።

1. ሕጉ ምን ይላል?

የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 እና እሱን ተከትሎ የወጣው የ2002ቱ መመሪያ ነገሩን በቁጥር አስቀምጠውት ነበር። ለመድኃኒትና ለሕክምና መገልገያ 25 በመቶ፣ ለሌሎች አገር ውስጥ ለተመረቱ ዕቃዎች 15 በመቶ፣ ለግንባታና ለምክር አገልግሎት 7.5 በመቶ። አንድ ዕቃ «የአገር ውስጥ» ለመባል ከጠቅላላ ዋጋው ከ35 በመቶ በላይ የሚሆነው እሴት ኢትዮጵያ ውስጥ የተጨመረ መሆን ነበረበት። ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ደግሞ ከሌሎች የአገር ውስጥ ድርጅቶች ጋር ሲወዳደሩ 3 በመቶ ይታሰብላቸው ነበር። አሁን አዋጅ ቁጥር 1333/2016 የቀድሞውን አዋጅ ተክቷል፤ ለአገር ውስጥ ምርት የማድላቱ መርህ ግን አለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለስሌት እንዲመች አንዱ ተጫራች ከውጭ የመጣ ሩዝ በኩንታል 10,000 ብር አቀረበ እንበል። ሌላው የፎገራ ሩዝ በ11,400 አቀረበ። ለማወዳደሪያ ብቻ የውጭው ላይ 15 በመቶ ይጨመርና 11,500 ይሆናል። ስለዚህ የፎገራው ያሸንፋል፣ የሚከፈለውም ያቀረበው 11,400 ነው።

እንዲህ የሚያደርገው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ የራሷን ምርት የምታስቀድምበት የመንግሥት ግዥ ሕግ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላት።

2. ታዲያ ለእኛ እህል ለምን አይሠራም?

ቅድሚያው የሚሠራው ከውጭ የገባ ዕቃ ጨረታው ውስጥ ሲኖር ነው። ሩዝ ላይ ይሠራል፣ ዘይት ላይ ይሠራል፣ ስንዴ ላይም ከውጭ የመጣው ሲወዳደር ይሠራል። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ባቄላ ላይ ግን ሁሉም ተጫራች የሚያቀርበው የኢትዮጵያ ምርት ነው። የካምባ ጤፍም የጎጃም ጤፍም በሕጉ ዓይን አንድ ናቸው። 15 በመቶው ለሁሉም ከሆነ ለማንም አልሆነም ማለት ነው።

ሌላም አለ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የሚገዛው በፌዴራሉ ሕግ ነው። የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች ግን የክልሉን የግዥ ሕግ ነው የሚከተሉት። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው በ2015 ነው። ስለዚህ ሰነድ ስትገዙ መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደተጠቀሰ እዩ። አንዱ ጋ የሠራ ወረቀት ሌላው ጋ ላይሠራ ይችላል።

3. ገበሬውን ከጨረታ የሚያስወጣው ምንድን ነው?

በእኔ እይታ ሦስት ነገር ነው፤ የሎቱ መጠን፣ የጨረታው ወር እና የክፍያው መዘግየት።

ሎት፦ አንድ ተቋም የዓመት እህሉን በአንድ ሎት አውጥቶ 2,000 ኩንታል በቆሎ ጠየቀ እንበል። በኩንታል 4,000 ብር ብንይዘው ውሉ 8 ሚሊዮን ብር ነው። የውል ማስከበሪያው 10 በመቶ ቢሆን 800,000 ብር ባንክ ማስያዝ ወይም ዋስትና ማምጣት ይጠይቃል። የትኛው የካምባ መሠረታዊ ማኅበር ነው ይሄን የሚችለው? ያው 2,000 ኩንታል በአሥር ሎት ቢከፈል ግን አንዱ ሎት 200 ኩንታል፣ ማስከበሪያውም 80,000 ብር ይሆናል። ይሄ አባላት ተዋጥተው የሚችሉት ነው። እህሉ ያው ነው፣ ሕጉም አልተነካም፤ የተለወጠው የሰነዱ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ወር፦ የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ተቋማት ትምህርት ሳይከፈት ለመጨረስ ብለው ጨረታውን ክረምት ላይ ያወጡታል። በዚያ ሰዓት የገበሬው ጎተራ ባዶ ነው። በልግ ያለበት ቀበሌ ትንሽ ይሻላል እንጂ የመኸሩ ጤፍ ከአውድማ የሚወጣው ከኅዳር በኋላ ነው። ነሐሴ ላይ እህል ያለው መጋዘንና ገንዘብ ያለው ነጋዴ ነው። ዋጋው ለዓመት ስለሚቆለፍ ደግሞ ነጋዴው ስጋቱን ቀድሞ ዋጋው ላይ ይጭናል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ተቋሙም በውድ ይገዛል።

ኅዳር ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እህሉ ይወጣል፣ ገንዘቡ ግን ቡና ላይ ነው። ላኪዎችም ሰብሳቢዎችም በዚያ ወቅት ብራቸው እሸትና ጀንፈል ላይ መሆኑን እናንተው ታውቁታላችሁ። የእህል ገዢ ይሳሳል፤ ገበሬው ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ ሲል በተገኘው ይሸጣል። ትልቁ ገዢ ውሉን ነሐሴ ላይ ጨርሷልና ገበያ ውስጥ የለም።

ክፍያ፦ ያው 8 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ የተበደሩት ቢሆንና ክፍያው 60 ቀን ቢዘገይ ወለዱ 236,700 ብር ገደማ ነው። ለ2,000 ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 118 ብር ይመጣል። የጥቃቅንና አነስተኛ 3 በመቶ ቅድሚያ ስንት ነበር? በ4,000 ብር ሂሳብ 120 ብር። ሁለት ወር መዘግየት ሕጉ የሰጠውን በሙሉ በላው ማለት ነው። እኔ ራሴ አገናኝቼ እህል የገባበት አንድ ተቋም ነበር፤ ስሙ ይቆይ። ርክክቡ ግንቦት ላይ አልቆ፣ ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ክፍያው ለአዲሱ ዓመት ተላለፈ። የእህሉ ባለቤት ሐምሌን በሙሉ አርባ ምንጭ ሲመላለስ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ጨረታ የሚባል ነገር አታንሣብኝ ይለኛል።

በነገራችን ላይ ያ 3 በመቶም ቢሆን የተጻፈው ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ነው። ዩኒየን የሚቋቋመው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ስለሆነ በዚያ ስም በራሱ አይታወቅም።

4. የተሞከረ መንገድ አለ

የዓለም ምግብ ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ ከኅብረት ሥራ ዩኒየኖች እህል ይገዛ ነበር። በኋላ በበቆሎ ላይ ቅድመ ውል አመጣ። ምርቱ ከመሰብሰቡ በፊት ውል ይፈረማል፣ ዩኒየኑ ውሉን ይዞ ባንክ ሄዶ ይበደራል፣ በብሩ ከአባላቱ ይሰበስባል። ጨዋታውን የለወጠው የተጨመረ ዋጋ አልነበረም፤ ቀድሞ የታወቀ ገዢና ብድር የሚያስገኝ ወረቀት ነው።

ብራዚል ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ቤተሰብ ገበሬዎች እንዲገዛበት አዘዘች። ከተለመደው ጨረታ ውጭ በጥሪ እንዲገዛም ፈቀደች፤ ዋጋው የአካባቢው ገበያ ተጠንቶ ነው የሚቀመጠው። ቅድሚያ ማለት እዚያ በመቶኛ የሚደመር ነጥብ ሳይሆን የተመደበ ድርሻ ነው።

ለእኛም ጊዜው ነው። በ2017 ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ይሄ ገንዘብ የሆነ ቦታ እህል ይገዛል። ጥያቄው ከማን ነው።

5. አንድ ማስጠንቀቂያ

አንዳንድ ሰው «የጋሞ ተቋም ከጋሞ ብቻ ይግዛ ይባል» ይለኛል። እኔ አልስማማም። ዛሬ እኛ በር ከዘጋን ነገ ወላይታም ጎፋም ይዘጋል። የአርባ ምንጭ ሙዝ እኮ የሚኖረው አዲስ አበባ ስለሚበላው ነው። ሌላው አካባቢ «የራሴን ብቻ» ካለ ቀድመን የምንጎዳው እኛ ነን። የሚያስፈልገን ውድድሩ ትንሹም ሊገባበት የሚችል እንዲሆን ነው።

6. ምን እናድርግ?

ለዩኒየኖች፦ ጨረታ እስኪወጣ አትጠብቁ። ተቋማት የዓመት የግዥ ዕቅድ የሚያዘጋጁት በጀት ሳይዘጋ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሄዳችሁ «እህሉን በሎት ክፈሉልን፣ የርክክቡን ጊዜ ከጥር ጀምሮ በዙር አድርጉልን» ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤ ያልገባበት ጥያቄ የቡና ወሬ ነው። እርጥበት መለኪያና ወንፊትም ይኑራችሁ፤ ከካምባ ተጭኖ የወረደ እህል በእርጥበትና በባዕድ ነገር ምክንያት ከተመለሰ የመኪናው ኪራይ ብቻ ትርፉን ይጨርሰዋል።

ለግዥ ሠራተኞች (ብዙዎቻችሁ እንደምትከታተሉን አውቃለሁ)፦ ግማሹን ክረምት ግዙ፣ ግማሹን ለኅዳርና ታኅሣሥ አቆዩት። ተቋሙም ይጠቀማል።

ለነጋዴዎችና ለላኪዎች፦ ይሄ እናንተን የሚያስወጣ አይደለም። ማኅበራቱ መጋዘን፣ መኪናና የባንክ ዋስትና የላቸውም፤ እናንተ አላችሁ። አብሮ መሥራት ይቻላል።

እኔ ደላላ ነኝ። ዩኒየኑ በቀጥታ ለተቋም ከሸጠ የእኔ ኮሚሽን እንደሚቀር አውቃለሁ። ግን በኅዳር በርካሽ ሸጦ በክረምት በውድ መልሶ የሚገዛ ገበሬ ባለበት ወረዳ ደላላም አያድግም፤ ገበያው ራሱ ይደርቃል።

በየተቋማቱ ያያችሁትን የሎት አከፋፈልና ክፍያው የፈጀውን ቀን ላኩልኝ። የተቋሙን ስም አልለጥፍም፣ ቁጥሩን ብቻ ሰብስቤ አቀርባለሁ። ዋጋ ነገ ጠዋት እንደተለመደው። መልካም ገበያ!