«ልጄ ዝንጀሮ ሲያባርር ይውላል ብዬ ለማን ልንገር?»

«አንተ እንኳ የጋዜጣ ሰው ነህ፣ እስቲ አንድ በለው!» አለችኝ አክስቴ፣ ገና ሻንጣዬን መሬት ሳላሳርፍ።

ቦታው መሀል ሜዳ ነው። ለፋሲካ ብቅ ብዬ ነበር። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባና ደርቤ እሳት ዳር ቁጭ አልኩና ክሱን አዳመጥኩ። ተከሳሹ ልጇ ነው። ዕድሜው 23፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቆ ያለ ሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቤይሩት ያለች እህቱ ላፕቶፕ ገዝታ ላከችለት።

«ሥራ ይፈልግበታል ብላ ነበር እኮ» አለች አክስቴ። «እሱ ግን ቀን ከሌት ዝንጀሮ ያባርርበታል። ዝንጀሮማ እዚህ ጓሳ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ!»

ሳቄ መጣ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ለካስ በዚያው ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት መረጃ የሚያስገባ ሠራተኛ ፈልጎ ጠርቶታል። ደመወዟ ትንሽ ናት፣ ቢሆንም ደመወዝ ናት። እሱ ደግሞ «ጌሜን ሳልጨርስ አልገባም» ብሏል። ቤቱ የታመሰው በዚህ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ጌም መሥራት የሥራ ፈት ነገር የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። እኔም ይመስለኝ ነበር። ግን እኛው አገር፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቅኔ ጌምስ የሚባል ትንሽ ድርጅት አለ። በ2018 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ) «ኩኩሉ» የተባለ የሞባይል ጌም አወጣ። አንዲት ዶሮ ናት፤ ከገበሬው ታመልጣለች፣ ትዘላለች፣ ትሮጣለች። በቃ! ልጅ ሆነን ኩኩሉ ብለን የተደበቅን ሁሉ ስሙን ስንሰማ ፈገግ እንላለን። ያቺ ዶሮ በዚያው ዓመት የአፕስ አፍሪካን ሽልማት አስገኘችላቸው። ድርጅቱ በ2022 ደግሞ ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ የተባለውን ኅብረት ከመሠረቱት 10 የአፍሪካ ስቱዲዮዎች አንዱ ሆኗል። ወደ አውስትራሊያ ስንሻገር ሜልበርን ያሉ አራት ጓደኛሞች በ2019 መንደር የምታምስ አንዲት ነገረኛ ዝይ ይዘው መጡ። በሦስት ወር ውስጥ ከሚሊዮን በላይ ተሸጠች። ዝይ!

ማታ ልጁን «እስቲ አሳየኝ» አልኩት። ተጫዋቹ ቀይ ቀበሮ ነው። ጓሳ ሜዳ ላይ አይጥ ያድናል። በዙሪያው ጭላዳዎች ተበትነው ሣር ይነጫሉ። ቀበሮው ቀስ ብሎ መንጋው መሀል ከገባ አይጦቹ አይነቁበትም። ጭላዳዎቹ ከደነገጡ ግን ወደ ገደሉ ይሸሻሉ፣ አይጡም ጉድጓዱ ይገባል።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«በግ ስጠብቅ አይቼ ነዋ!»

የፈጠራ ወሬ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳጣራ እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 የታተመ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25ቱ ይሳካለታል፤ ጭላዳ መሀል ሆኖ ሲያድን ግን 67ቱ። የጭላዳዎቹን ግልገል ደግሞ አይነካም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ በየትም አገር ዱር አይገኝም። ታዲያ ይህን ጌም የመንዝ ልጅ ካልሠራው ማን ሊሠራው ነው?

ሐሳቡ እንዲህ ይሁን እንጂ፣ እውነቱን ልናገርና ጌሙ አልጣመኝም። ቀበሮው እንደ ባጃጅ ይከንፋል። በዚያ ላይ ልጁ 30 ደረጃ፣ ስምንት ዓይነት እንስሳ እያለ አቅዷል። አንዱንም አልጨረሰም።

መቼም ምክር ተጠይቄ ዝም አልልም። «ሥራውን ግባ» አልኩት። «መሥሪያዎቹ ጎዶትም ብሌንደርም ነፃ ናቸው፣ ጎሽ! ግን ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ያስፈልግሃል። አፕል በየዓመቱ 99 ይልሃል። ስቲም ለአንድ ጌም 100 ያስከፍላል። እህትህ ሰው ቤት ሠርታ ከምታመጣው ላይ ነው ይህን የምትጠይቃት? ደመወዝህ ይክፈለው። ማታ ማታ ሥራ። ስምንቱን እንስሳ ተዋቸውና አንድ ቀበሮ፣ አንድ ሜዳ፣ ሦስት ደቂቃ የሚያጫውት ነገር ጨርስ።»

«አንተም ያው እንደነሱ ነህ» አለኝና ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ኩርፊያ!

ለአክስቴም ያልኳት አለ። ጎረቤት በተሰበሰበበት «ዝንጀሮ አባራሪ» እያለች ታዋርደዋለች። ይህን ያህል ወራት የለፋበትን ነገር አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብላ አላየችለትም። ዕድሜው 23 የሆነ ልጅ በእናቱ ከተሳቀበት ሥራ ቢገባም ልቡ አይገባም። «እንግዲህ እኔ ምን አውቄ» አለችና ወደ ጓዳ ሄደች።

በማግሥቱ ቡና ተፈልቶ ሳለ አባቱ ከኋላው ቆመው ላፕቶፑን ማየት ጀመሩ። እሳቸው በወጣትነታቸው የጓሳን ሣር የጠበቁ ሰው ናቸው። ጓሳ ከጥንት ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ሜዳ ነው፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋና ጊዜው ሲደርስ ይታጨዳል።

«ይሄ ቀበሮ አብዷል እንዴ?» አሉ።

«ምኑ ነው አባዬ?»

«ዝንጀሮ መሀል ሲገባ መቼ እንዲህ ይሮጣል? ዝግ ብሎ ነው። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ጎንበስ ብለው፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ ከምድጃው እስከ በሩ በቀስታ ተራመዱ። አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች አፏን ከፍታ ቀረች። ልጁ በስልኩ ይቀርጻቸዋል። ሁለቴ አስደገማቸው፤ ሁለቴም ደገሙለት።

እኔ በማግሥቱ ተመለስኩ። ሥራ ይግባ አይግባ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ቀበሮው አንገቱን ደፍቶ፣ ዝግ ብሎ፣ በጭላዳዎቹ መሀል ያልፋል። ከሥሩ «ከሥራ ሰዓት ውጭ የተሠራ» ብሎ ጽፎበታል።