የግላምስ ግንብና ስማቸው የጎደፈ ሁለት ሰዎች

የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በእንግሊዝኛም ሆነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው ያነበብን ሁሉ፣ ሦስቱ ጠንቋዮች ማክቤዝን ሲያገኙት በመጀመሪያ የግላምስ ጌታ ብለው እጅ እንደ ነሡት እናስታውሳለን። ብዙዎቻችን ስሙን እንደ ቴአትሩ ማጌጫ ቆጥረን እናልፈዋለን። ነገር ግን ግላምስ በእውነት ያለ ቦታ ነው። በስኮትላንድ ምሥራቅ፣ አንገስ በተባለው አገር፣ ከዳንዲ ከተማ በስተ ሰሜን በሚገኝ ለም ሸለቆ ውስጥ፣ ድንጋዩ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ጣራውም ጫፋቸው በሾለ ትንንሽ ማማዎች የተሞላ አንድ ግንብ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በአፈ ታሪክ ብዛት ከዚህ ግንብ ጋር የሚወዳደር በስኮትላንድ ጥቂት ነው። እኛም አፈ ታሪኩ ማንን እንደሚከስና ማንን ነጻ እንደሚያወጣ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ እንወዳለን። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቦታው ስም በታሪክ ቀደም ብሎ የሚነሣው ከንጉሥ ማልኮልም 2ኛ ሞት ጋር ነው፤ ንጉሡ በ1034 በግላምስ ሞተ። በዚያን ጊዜ ግንቡ አልነበረም፤ የነበረው ነገሥታቱ ለአደን ሲወጡ የሚያርፉበት ቤት ነው። በ1372 ንጉሥ ሮበርት 2ኛ ርስቱን ለሰር ጆን ላየን ሰጠው፤ ሰውየውም ከአራት ዓመት በኋላ የንጉሡን ልጅ ጆዋናን አገባ። ከዚያ ወዲህ፣ ኋላ ከምንደርስባቸው ጥቂት ዓመታት በቀር፣ ግላምስ ከዚህ ቤተ ሰብ እጅ አልወጣም። አሁን የሚታየው መልኩ ይበልጡን የ17ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው።

አሁን ተረቱን እንስማ። ማልኮልም በዚሁ ቤት ተወግቶ ተገደለ፤ ደሙ በእጥበት አልለቅ ስላለ ወለሉ በሌላ ሳንቃ ተሸፈነ፤ ገዳዮቹም ሲሸሹ በረዶ የጋገረው የፎርፋር ሐይቅ ከእግራቸው ሥር ተሰብሮ ሰጠሙ ይባላል። ሁለተኛው ተረት ሰዎች «ጢማሙ መስፍን» እያሉ የሚጠሩት የክሮፎርድ መስፍን የአሌክሳንደር ሊንድሴይ ነው። ይህ ሰው በሰንበት ሌሊት ካርታ የሚያጫውተው ቢያጣ፣ ከሰይጣንም ጋር ቢሆን እጫወታለሁ ብሎ ማለ። ወዲያው በሩ ተንኳኳና አንድ እንግዳ ገባ። ሁለቱም በግንቡ ውስጥ በታሸገ ክፍል ተቀምጠው እስከ ዕለተ ምጽአት ይጫወታሉ። መስፍኑ በ1453 የሞተ እውነተኛ ሰው ነው፤ በሕይወቱም ጸጥተኛ አልነበረም፤ በ1452 በብሬኪን አጠገብ ከንጉሡ ወገን ጋር ተዋግቶ ተሸንፏል። ሰይጣኑን የጨመረለት ሕዝቡ ነው።

የታሸገው ክፍል ወሬ በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። ምስጢሩን የሚያውቁት መስፍኑ፣ ወራሹና የርስቱ አስተዳዳሪ ብቻ ናቸው ተባለ። ደራሲው ዋልተር ስኮት እንኳ በወጣትነቱ በግንቡ አድሮ ስለ ነበር፣ በ1830 ስለ አጋንንትና ስለ ጥንቆላ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ምስጢራዊ ክፍል አንሥቶታል። አንድ ቀን እንግዶች በየክፍሉ መስኮት ፎጣ ሰቅለው ወደ ውጭ ወጥተው ቢመለከቱ፣ ፎጣ የሌለባቸው መስኮቶች አገኙ ይባላል። ከዚያም ወሬው የሚደገፍበት ሰው ፈለገ፣ አገኘም። በ1821 ለግላምስ ወራሽ የበኵር ልጅ ተወልዶ በተወለደበት ቀን መሞቱ በቤተ ሰቡ የዘር ሐረግ ተመዝግቧል። ወሬኞች ግን አልሞተም፤ መልኩ ስለሚያስፈራ በድብቁ ክፍል አሳደጉት አሉ። ማስረጃ የለውም። አንድ ቀን ብቻ የኖረን ሕፃን አውሬ ነበር ብሎ ለመቶ ዓመት ማውራት ከጨዋታ ሊቈጠር የሚችል አይመስለንም።

ስማቸው ከጎደፈው ሰዎች የመጀመሪያው ማክቤዝ ራሱ ነው። ማክቤዝ በ1040 ንጉሥ ደንካንን አሸንፎ ዙፋኑን የያዘው በኤልጊን አጠገብ በተደረገ ጦርነት ነው፤ ደንካንም በቴአትሩ እንደምናየው በእንግድነት የተኛ ሽማግሌ አልነበረም። ማክቤዝ 17 ዓመት ነገሠ። በ1050 ወደ ሮም ተሳልሞ ለድኾች ገንዘብ እንደ ዘር በተነ ተብሎ በዘመኑ ተጽፎለታል፤ ዙፋኑ የሚያሠጋው ንጉሥ ይህን ያህል ርቆ አይሄድም። ከግላምስ ጋር የሚያገናኘው የታሪክ ማስረጃ የለም። በቴአትሩም ቢሆን ግድያው የሚፈጸመው በኢንቨርነስ ነው። ይህም ሆኖ በግላምስ «የደንካን አዳራሽ» የሚባል ክፍል ለጎብኚ ይታያል።

ቴአትሩ የተደረሰው በ1606 ገደማ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የስኮትላንዱ ጄምስ 6ኛ የእንግሊዝንም ዘውድ ወርሶ ነበር። የንጉሡ ወገኖች ዘራችን ከባንኮ ይወርዳል ይሉ ነበርና፣ ባንኮ በቴአትሩ ቅን ሰው ሆኖ ወጣ። ባንኮ ግን ሄክተር ቦይስ የተባለ ጸሓፊ በ1527 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። ሼክስፒርን ስለ ግጥሙ ልንነቅፈው አንችልም፤ ለማን እንደ ጻፈ ግን ማወቅ ይገባናል።

ሁለተኛዋ እመቤት ጃኔት ዳግላስ ናት። የግላምስ ጌታ ሚስት ነበረች፤ ባሏም በ1528 ሞተ። ወንድሟ የአንገስ መስፍን አርቺባልድ ዳግላስ የንጉሥ ጄምስ 5ኛን እናት አግብቶ፣ ልጁን ንጉሥ በሞግዚትነት ስም እንደ እስረኛ ይዞት ነበር። ንጉሡ በ1528 አመለጠና ዳግላሶችን ከአገር አሳደደ። መስፍኑ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ እኅቱ ግን በአገሯ ቀረች። ወንድሙን ያጣ ቂም በእኅቱ ላይ ዞረ።

በመጀመሪያ ለወንድሞቿ ረድታለች ተብላ ተከሰሰች። ቀጥሎ በ1532 ባሏን በመርዝ ገድላለች ተባለ፤ ለፍርድ እንዲቀመጡ የተጠሩት ባላባቶች ብዙዎቹ ሳይቀርቡ ስለ ቀሩ ክሱ ፈረሰ። በ1537 ግን ንጉሡን በመርዝ ልትገድል አስባለች፣ ከስደተኞቹ ወንድሞቿም ጋር ተላልካለች የሚል ክስ መጣ። የምስክርነት ቃል የተገኘው ሰዎችን በማሠቃየት ነበር። በዚያን ጊዜ በድንበር ላይ የነበረ አንድ የእንግሊዝ ሹም እንኳ፣ ነገሩ ጽኑ ማስረጃ እንደሌለው ለንጉሡ ጽፎለታል። ሰማይ አይታረስም ንጉሥ አይከሰስም እንደሚባለው፣ በዚህ ጊዜ እምቢ የሚል ዳኛ አልተገኘም። ሐምሌ 17 ቀን 1537 በኤዲንበርግ ግንብ ፊት ለፊት በሕይወቷ ተቃጠለች። ሁለተኛው ባሏ ከዚያው ግንብ በገመድ ሊያመልጥ ሲሞክር ገደል ወድቆ ሞተ። ገና በጉርምስና ዕድሜ ላይ የነበረው ልጇም ሞት ተፈርዶበት በእስር ቤት ተቀመጠ። ንጉሡ ግላምስን ወርሶ በ1542 እስኪሞት ድረስ እየመጣ ይቀመጥበት ነበር፤ ደብዳቤም እዚያ ሆኖ ይጽፍ ነበር።

አፈ ታሪኩ ግን ጠንቋይ ስለ ነበረች ተቃጠለች ይላል። በክሱ ውስጥ የጥንቆላ ነገር የለበትም፤ ክሱ ክሕደትና መርዝ ነው። ጥንቆላን በሞት የሚያስቀጣው የስኮትላንድ ሕግም የወጣው በ1563 ነው፤ እርሷ ከተቃጠለች ከ26 ዓመት በኋላ። ታዲያ ጥንቆላው ከየት መጣ? እንደሚመስለን በኋላ የመጣው ትውልድ እሳትን የሚያውቀው ከጠንቋይ ጋር ብቻ ስለ ነበረ ነው። ከ1590 ጀምሮ በስኮትላንድ ብዙ ሴቶች በጥንቆላ ስም ተይዘው ተፈጅተዋል፤ ንጉሥ ጄምስ 6ኛ ራሱ በምርመራው ተገኝቷል፤ በ1597ም ስለ አጋንንት መጽሐፍ አሳትሟል። ይህ ጄምስ ጃኔትን ያቃጠላት የጄምስ 5ኛ የልጅ ልጅ ነው። ማክቤዝ የጎደፈው የልጅ ልጁን ለማስደሰት፣ ጃኔት የተቃጠለችው የአያቱን ቂም ለማብረድ ነው። ጠንቋይ ከተባለች ወዲህ የአያቱ ስም ከታሪኩ ወጣ፤ የቀረው ሙት መንፈስ ነው።

ልጇ ንጉሡ ከሞተ በኋላ ተፈታ፤ በ1543ም ርስቱ ተመለሰለት። የእንግሊዟ ንግሥት የኤልሳቤጥ 2ኛ እናት በልጅነቷ ያደገችው በዚህ ግንብ ነው፤ ልዕልት ማርጋሬትም በ1930 የተወለደችው እዚሁ ነው። ጃኔት «ግራጫዋ እመቤት» ተብላ በግንቡ ጸሎት ቤት ተንበርክካ ትታያለች ይባላል፤ ለእርሷም አንድ መቀመጫ ባዶውን ይተውላታል። ያኮብ ደ ዌት የተባለ የሆላንድ ሰው በሥዕል ያስጌጠውን ይህንን ጸሎት ቤት ግን እርሷ በሕይወቷ አላየችውም፤ የተባረከው በ1688 ነው፤ ከተቃጠለች ከ151 ዓመት በኋላ።