ገላጭ ሐረግና ነጠላ ሰረዝ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር

ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሚከተለው ደብዳቤ ደረሰ እንበል፦ «የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ አቶ ተስፋዬና ጸሐፊው ሰኞ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይገኙ።» የተጠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው ወይስ ሦስት? የሥርዓተ ነጥብን ሕግ የሚጠብቅ አንባቢ ሦስት ይላል፤ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ግን ዲሬክተሩን በስማቸው መጥራቱ ኖሮ ሁለት ብቻ አስቦ ሊሆን ይችላል። የወረዳው ከተማ የአንድ ቀን የእግር መንገድ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ያለ ቦታዋ የገባች አንዲት ሰረዝ አንድን መምህር ከክፍሉ ታስቀራለች።

የስሕተቱ ምንጭ ነጠላ ሰረዝ (፣) ሁለት ሥራ ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው የሚዘረዘሩትን ነገሮች መለየት ሲሆን፣ ይህን ተማሪዎች ቶሎ ይለምዱታል። ሁለተኛው ስምን ተከትሎ የሚገባውን ገላጭ ሐረግ ከግራና ከቀኝ ማጠር ነው። «ዓባይ፣ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ታላቅ ወንዝ፣ ወደ ሱዳን ይፈሳል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሁለቱ ሰረዞች መካከል ያለው ሐረግ ቢወጣ የቀረው ሙሉ ሐሳብ ነው። መምህሩ ሐረጉን በእጁ ሸፍኖ የቀረውን ቢያስነበብ ተማሪዎቹ ይህን በቀላሉ ይረዱታል። አዘውትሮ የሚታየው ጉድለት የመጀመሪያውን ሰረዝ አስገብቶ ሁለተኛውን መርሳት ነው፤ ይኸውም ማሳን በአንድ ወገን ብቻ እንደ ማጠር ይቆጠራል። ስሙ ተሳቢ በሚሆንበት ጊዜም «ን» በገላጩ ላይ ይደገማል፦ «አቶ ተስፋዬን፣ የትምህርት ቤቱን ዲሬክተር፣ ጠሯቸው።»

ገላጩ ከስሙ በፊት ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ዓባይ» ስንል በገላጩና በስሙ መካከል ሰረዝ አይገባም። ማዕረግና የሥራ መጠሪያም እንዲሁ ናቸው። በእንግሊዝኛ ይህን የመሰለው ሐረግ ከስሙ በኋላ ስለሚውል የሰረዝ መኖርና አለመኖር ትርጉሙን ይለውጠዋል። አማርኛ ግን ዘወትር ስሙን ስለሚያስከትል፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ ክፍል የተማረውን ሕግ እንዳለ ወደ አማርኛ ድርሰቱ ቢያመጣው አያዋጣውም።

ሰረዝ የማያቃናውም አሻሚ ነገር አለ። «የታመመው ገበሬ ልጅ» ቢባል በሽተኛው ገበሬው ነው፤ «የታመመው የገበሬው ልጅ» ቢባል ልጁ ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱን ያመጣችው «የ» እንጂ ሰረዝ አይደለችም።

ከላይ የተጠቀሰው ደብዳቤ ሁለት ሰዎችን የሚጠራ ከሆነ «ዲሬክተሩ አቶ ተስፋዬና ጸሐፊው» ተብሎ ያለ ሰረዝ ይጻፍ። ሦስት ሰዎችን የሚጠራ ከሆነም ሰረዙን ሳይነኩ «ሦስቱም» የሚለውን ቃል መጨመር ይሻላል።