ወደ ኋላ የሚመልስ ገላጭ ሐረግ

በድርሰት ውስጥ አንድ ጊዜ የተጠቀሰ ሰው ወይም ነገር ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ካለፉ በኋላ እንደገና ይነሣል። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው ስሙን ይደግማል፤ አለዚያም ‹እሱ› ወይም ‹እሷ› በሚል ተውላጠ ስም ይተካል። ይሁን እንጂ በታሪኩ ውስጥ ሁለት ወንዶች ካሉ ‹እሱ› የትኛውን እንደሚያመለክት አንባቢው ይቸገራል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚረዳን በ‹የ› ወይም በ‹የም› የሚጀምር ግሥ ያለበት ገላጭ ሐረግ ነው። የሚከተለውን ተመልከቱ።

«ትናንት አንድ እንግዳ ከጎንደር፣ አንድ እንግዳ ደግሞ ከጅማ መጡ። ከጅማ የመጣው እንግዳ ቡና ይዞልን ነበር።»

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ‹እሱ ቡና ይዞልን ነበር› ቢባል ኖሮ ቡናውን ያመጣው ማን እንደ ሆነ ባልታወቀም ነበር።

አሁን ‹የመጣው› በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን ‹ው› ልብ በሉ። አንባቢውን ወደ ኋላ የምትመልሰው እርሷ ናት። ‹ከጅማ የመጣ እንግዳ› ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢው ሌላ ሦስተኛ እንግዳ የመጣ ይመስለዋል። ይህች ምልክት ገላጭ ሐረግ በሌለበት ጊዜ ከስሙ ጋር ትጣበቃለች፤ ‹እንግዳው› እንላለን። ገላጭ ሐረግ ሲኖር ግን ወደ ግሡ ትሄዳለች። ስለዚህ ‹የመጣው እንግዳ›፣ ‹የመጣችው እንግዳ›፣ ‹የመጡት እንግዶች› ይባላል እንጂ ‹የመጣ እንግዳው› አይባልም። መስተዋድድ ሲገባ ደግሞ ‹የ› ትወድቃለች፤ ‹ለመጣው እንግዳ› እንጂ ‹ለየመጣው እንግዳ› አንልም።

በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለው ሐረግ ‹ሁ›፣ ‹ዊች› ወይም ‹ዛት› በሚሉ ቃላት እየተመራ ከስሙ በኋላ ይመጣል። በእኛ ቋንቋ ከስሙ ይቀድማል። እንግሊዝኛ የለመዱ አንዳንድ ተማሪዎች «እንግዳው፣ እሱም ከጅማ የመጣው፣ ቡና ይዞልን ነበር» ብለው ሲጽፉ ይታያሉ፤ ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ አሰካኩ ግን አይደለም። በእርግጥ የእኛም ሥርዓት ችግር አያጣውም፤ ሐረጉ ከረዘመ አንባቢው ስሙን እስኪያገኝ ድረስ ይደክማል። ያን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል ይሻላል።

ከዚህ የባሰ ስሕተት ግን አለ። በማስተምርበት ዘመን ሁለት ተማሪዎች ተደባደቡ። አንደኛውን ካሣ እንበለው። ጠቡን ያየ ተማሪ ለዲሬክተሩ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ካሣ ከአንድ ልጅ ጋር ተጣላ። የመታው ልጅ ሸሽቶ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባ።» ዲሬክተሩ የሸሸውን ልጅ ሦስት ቀን ከትምህርት አገዱት። እኔም ጽሑፉን ሳነበው የተረዳሁት እንደ እሳቸው ነበር። ልጁ ግን መቺ ሳይሆን ተመቺ ነበር፤ ይህም የታወቀው ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ምስክሩ አልዋሸም። ‹የመታው› በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው ‹ው› አንድም የታወቀውን መቺ ታመለክታለች፤ አንድም ‹እሱን› ማለት ሆና ተመቺውን ትጠቁማለች። ጽሑፉ ‹ካሣ የመታው ልጅ› ቢል ኖሮ መቺው ካሣ ይሆን ነበር፤ ‹ካሣን የመታው ልጅ› ቢል ግን ተመቺው ካሣ ነው። ልዩነቱ ‹ን› ብቻ ናት። ‹የተመታው ልጅ› ማለትም ይቻል ነበር።

መልመጃ፦ «ዓለሙ ከጎረቤቱ ጋር ተገናኘ። የሰደበው ሰው ይቅርታ ጠየቀ።» ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ተሳዳቢው ዓለሙ እንዲሆን፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ እንዲሆን አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ጻፉ።