የስልክ ቁጥርን በማታለል ስለ ማስለወጥና ስለ መከላከያው

ቀድሞ የነጋዴ ገንዘብ የሚጠበቀው በካዝና ቁልፍና በፊርማ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህና በባንኮችም የሞባይል አገልግሎት ገንዘብ መላክና መቀበል እየተለመደ ስለ ሄደ፥ የካዝናው ቁልፍ በከፊል በስልክ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ሌባም ዓይኑን ወደዚያው አዙሯል።

የማታለሉ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ቁጥሩ በየትኛው ሲም ካርድ እንደሚሠራ የሚወስነው የቴሌኮም ድርጅቱ መዝገብ ነው። ደንበኛ ካርዱ ጠፍቶበት ማንነቱን ሲያስረዳ ያው ቁጥር በአዲስ ካርድ ይሰጠዋል፤ አሮጌውም ካርድ ሥራውን ያቆማል። አጭበርባሪውም በሐሰተኛ መታወቂያ፥ ወይም ከሠራተኛ ጋር ተመሳጥሮ፥ «ካርዴ ጠፋብኝ» በማለት የሌላውን ሰው ቁጥር በእጁ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ባንኩ በጽሑፍ መልእክት የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚደርሰው ለእርሱ ነው።

ይህ አደጋ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶችንም አልማረም። በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በኤክስ ላይ ያለው ገጹ በዚሁ ዘዴ ተይዞ፥ ስለ ቢትኮይን የሐሰት ማስታወቂያ ወጥቶበታል።

ስለዚህ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

አንደኛ፤ የሱቁ ቁጥር በጸሐፊ ወይም በዘመድ ስም የወጣ እንደሆነ በራሱ ስም ያዛውረው። ካርድ ለማስለወጥ መብት ያለው በመዝገብ የተጻፈው ሰው ነውና።

ሁለተኛ፤ ለገንዘብ ሥራ የሚያገለግለው ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳና በደረሰኝ ላይ ከሚታተመው የተለየ ይሁን።

ሦስተኛ፤ የመታወቂያ ቅጂ በየቦታው አይጣል፤ ሲሰጥም ለምን ጉዳይ እንደ ተሰጠ በላዩ ይጻፍበት።

አራተኛ፤ የምሥጢር ቁጥርንና የማረጋገጫ ቁጥርን በስልክ የሚጠይቅ ሰው «ከባንክ ነኝ» ቢልም አይነገረው።

አምስተኛ፤ ዋናው የሥራ ገንዘብ ከስልክ ጋር ባልተያያዘ ሂሳብ ይቀመጥ፤ በስልክ የሚንቀሳቀሰው ለዕለት ሥራ የሚበቃው ብቻ ይሁን።

በካርዱ ላይ የሚደረገው የመክፈቻ ቁጥር የተሰረቀን ካርድ ይጠብቃል እንጂ በመዝገብ የሚደረገውን ለውጥ እንደማይከለክል መታወቅ አለበት።

የአደጋው ዋና ምልክት፥ የጎረቤት ስልክ እየሠራ የራስ ስልክ በድንገት አገልግሎት ማጣቱ ነው። ብዙ ሰው «ኔትወርክ ጠፍቷል» ብሎ እስከ ማታ ይጠብቃል፤ ሌባው የሚፈልገውም ይህንኑ ጊዜ ነው። ባለ ሂሳቡ ሳይዘገይ በሌላ ስልክ አስቀድሞ ለባንኩ ደውሎ ሂሳቡን ያሳግድ፤ ቀጥሎም ለቴሌኮም ድርጅቱ፥ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ እንደሆነ በ994፥ ያስታውቅ። ከዚያም መታወቂያውን ይዞ በአካል ይቅረብ፤ የደወለበትንም ሰዓት ጽፎ ለፖሊስ ያመልክት።

ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ በረቱን አያድንም።